የቅዱስ ዮሐንስ ዕፅና የመንፈስ ጭንቀት



አንድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አንዲት እናት ከነጠላቸው ሥር ትንሽ ጠርሙስ አውጥተው አሳዩኝ። ጠርሙሱን የላከችላቸው በአሜሪካ የምትኖር ልጃቸው ስትሆን፣ በላዩ ላይ ቢጫ አበባ ተሥሎበታል። እኒህ እናት ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ እንቅልፍ አጥተው፣ እህል ጠልተው፣ ከጎረቤት ርቀው መኖር ከጀመሩ ወራት አልፈዋል። ልጅቱም በስልክ ድምፃቸውን ሰምታ ስለ ተጨነቀች፣ «እማዬ፣ ይህ እኮ ዕፅ ነው፤ ምንም አይጎዳሽም» ብላ ላከችላቸው። እርሳቸው ግን እኔን የጠየቁኝ ስለ ጤና አልነበረም፤ በጾም ቀን ቢወስዱት ጾማቸውን ይሽር እንደሆነ ብቻ ነበር። እኔ ጽሑፉን ሳነብ ዓይኔ ያረፈው በዕፁ ስም ላይ ነው። እኒህ እናት የልብ ቫልቭ ተቀይሮላቸው፣ ደም እንዳይረጋ የሚከለክለውን ዋርፋሪን የተባለውን መድኃኒት በየቀኑ እንደሚወስዱ አውቅ ነበር። ስለዚህ ዕፅም በነርስነት የምታገለግል አንዲት እኅት ቀደም ሲል አስጠንቅቃኝ ነበር።

እንደዚህ ያለው ጠርሙስ በብዙ ቤት ስለሚገኝ፣ ጉዳዩን በዚህ ጽሑፍ ሰፋ አድርገን ልንመለከተው ይገባል።

ስለ ሕመሙ ጥቂት

የመንፈስ ጭንቀት፣ በአሁኑ የሕክምና አጠራር ድባቴ የሚባለው፣ ማንኛውንም ሰው አልፎ አልፎ ከሚጎበኘው ኀዘን ወይም መከፋት የተለየ ነው። ሐኪሞች ይህን ስም የሚሰጡት፣ የስሜት መጨለም ወይም ቀድሞ ደስ ያሰኝ ከነበረው ነገር ሁሉ መራቅ ቢያንስ ለሁለት ሳምንት ያህል፣ በየቀኑ ለማለት ይቻላል፣ የቀኑን አብዛኛውን ክፍል ይዞ ሲቆይ ነው። ከዚህም ጋር የእንቅልፍና የምግብ ፍላጎት መዛባት፣ ድካም፣ ሐሳብን መሰብሰብ አለመቻል፣ ራስን መውቀስ፣ አንዳንዴም የሞት ምኞት ይታያል። በእኛ አገር ሕመምተኛው ብዙ ጊዜ «አዝኛለሁ» ብሎ አይናገርም፤ «ራሴን ያቃጥለኛል»፣ «ልቤ ይደክማል»፣ «ሰውነቴ እሺ አይለኝም» ይላል። በዚህም የተነሣ የሆድና የራስ ምታት መድኃኒት ሲፈልግ ዓመታት ያልፋሉ።

ስለዚህ ሰዎች ከሐኪም ይልቅ በቅርባቸው ያለውን ነገር ቢይዙ አያስደንቅም። አንዱ በጫት ይነቃቃል፤ ምርቃናው ሲያልፍ ግን ድብርቱ ብሶ ይመለሳል፣ በሌሊትም ዱካክ ይጨምርበታል። ሌላው በአረቄ ያስተኛዋል። ዘመድ ከውጭ አገር ያለው ደግሞ ጠርሙስ ይላክለታል። ከሦስቱ መካከል ሦስተኛው የሚከበር ይመስላል፤ በመልካም ሐሳብ የተላከ፣ ማሸጊያው ያማረ፣ ከዕፅዋት የተገኘ ነውና።

ቢጫው አበባ

በሳይንሳዊ ስሙ ሃይፐሪኩም ፐርፎራቱም የሚባለው ይህ ዕፅ በአውሮፓ ሜዳና መንገድ ዳር በራሱ የሚበቅል፣ ቁመቱ ከጉልበት እስከ ወገብ የሚደርስ ተክል ነው። ቅጠሉን ወደ ብርሃን አንሥቶ የተመለከተ ሰው በመርፌ የተወጋ የሚመስሉ ነጥቦች ያያል፤ እነርሱ ግን ቀዳዳ ሳይሆኑ ብርሃን የሚያሳልፉ የዘይት ከረጢቶች ናቸው። አበባው በጣት ሲታሽ ቀይ ቀለም ይወጣዋል። የአውሮፓ ገበሬዎች ይህን ቅላት ከመጥምቁ ዮሐንስ ደም ጋር ያያይዙት ነበር። ዕፁ የሚያብበውም የቅዱስ ዮሐንስ ልደት በሚከበርበት በሰኔ 17 ቀን አካባቢ በመሆኑ በእርሱ ስም ተጠራ። እኛም የቅዱስ ዮሐንስን ስም ከቢጫ አበባ ጋር ማያያዛችን የሚገርም ነው፤ ነገር ግን የእኛ ዮሐንስ መስከረም 1 ቀን ነው፤ አበባውም ዐደይ ነው። ሁለቱ በስምና በቀለም ቢገናኙም በዝርያ አይገናኙም።

የዕፁ እውነተኛ ዘመድ በአገራችን አምጃ ይባላል። በባሌና በስሜን ከፍታዎች ላይ የሚታየው፣ ትልልቅ ቢጫ አበቦች ያሉት ቁጥቋጦ ነው። ይህን ያነሣሁበት ምክንያት አለኝ፤ ጽሑፍ አንብቦ «እንግዲያውስ የራሳችን አለን» በማለት ቅጠሉን ሊያፈላ የሚነሣ ሰው እንዳይኖር ነው። በመንፈስ ጭንቀት ላይ በሰፊው የተመዘነው የአውሮፓው ዝርያ፣ ያውም መጠኑ ተለክቶ የተዘጋጀው ጭማቂ ነው። የዘመድ ስም የዘመድን ኃይል አያወርስም።

ይረዳል ወይስ አይረዳም?

እዚህ ላይ እውነቱን ሳንሸራርፍ መናገር ይገባል፤ ዕፁ ባዶ ተረት አይደለም። የጀርመን መንግሥት የዕፅዋት መድኃኒቶችን እንዲመረምር ያቋቋመው ጉባኤ በ1984 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ለቀላል የመንፈስ ጭንቀት እንዲያገለግል አጽድቆታል፤ በዚያ አገርም ሐኪሞች ራሳቸው ያዝዙታል። በ2008 (እ.ኤ.አ.) ክላውስ ሊንደና ባልደረቦቹ 29 ጥናቶችን፣ በድምሩ 5,489 ሕመምተኞችን ያቀፈ ግምገማ አውጥተዋል። ውጤቱም ዕፁ መድኃኒትነት ከሌለው ማስመሰያ ክኒን የተሻለ፣ ከተለመዱት የድባቴ መድኃኒቶች ጋር የሚቀራረብ፣ የጎንዮሽ ጉዳቱም ያነሰ ሆኖ መገኘቱን የሚያመለክት ነበር። ነገር ግን ያው ግምገማ አንድ የሚያጠራጥር ነገር መዝግቧል፤ ይኸውም ጀርመንኛ ተናጋሪ በሆኑ አገሮች የተካሄዱት ጥናቶች ከሌሎቹ ይልቅ ለዕፁ ያደሉ መሆናቸው ነው።

በአሜሪካ የተደረገው ደግሞ ሌላ ይናገራል። በ2002 (እ.ኤ.አ.) የወጣ አንድ ጥናት መካከለኛ ጭንቀት ያለባቸውን 340 ሰዎች በሦስት ከፍሎ፣ ለአንዱ ወገን ዕፁን፣ ለሁለተኛው ሰርትራሊን የተባለውን የታወቀ መድኃኒት፣ ለሦስተኛው ማስመሰያውን ክኒን ለስምንት ሳምንት ሰጠ። ሙሉ ለውጥ ያሳዩት ከዕፁ ተጠቃሚዎች ከመቶ 24፣ ከሰርትራሊን ተጠቃሚዎች ከመቶ 25፣ ባዶውን ክኒን ከወሰዱት ግን ከመቶ 32 ነበሩ። አንባቢ ልብ ይበል፤ በዚህ ጥናት የታወቀው መድኃኒትም ቢሆን በዋናው መለኪያ ከባዶው አልበለጠም። ስለዚህ ጥናቱ ዕፁን ብቻ የሚያሳፍር ሳይሆን፣ የመንፈስ ጭንቀትን መመዘን ራሱ ምን ያህል አስቸጋሪ እንደሆነ የሚያሳይ ነው። በየቀኑ የሚጠይቅ፣ የሚያዳምጥ፣ በቀጠሮ የሚጠብቅ ሰው ማግኘት በራሱ ፈውስ አለው፤ ወደዚህ ነጥብ በኋላ እመለሳለሁ።

ከእነዚህ ሁሉ የምረዳው፣ ዕፁ ሕመሙ ቀላል ለሆነበት፣ ሌላ መድኃኒት ለማይወስድና በሐኪም ለሚታይ ሰው ሊጠቅም እንደሚችል ነው። ለከባድ ጭንቀት፣ ይልቁንም ሞትን ለሚመኝ ሰው፣ በዚህ ላይ መተማመን ግን አደገኛ ነው።

ጉበት የሚቀጥረው ሠራተኛ

ትልቁ አደጋ ያለው ዕፁ ራሱ በሚያደርሰው ጉዳት ላይ ሳይሆን በሌሎች መድኃኒቶች ላይ በሚሠራው ሥራ ነው። በዕፁ ውስጥ ያለው ሃይፐርፎሪን የተባለ ንጥረ ነገር በጉበትና በአንጀት ውስጥ ባዕድ ነገሮችን የሚሰባብሩትን ኢንዛይሞች ያበዛል። ጉበትን በአንድ ግቢ ብንመስለው፣ ዕፁ ገብቶ «ጠራጊዎቹ ጥቂት ናቸው፤ ተጨማሪ ቅጠሩ» ብሎ ያዘዘ ያህል ነው። የተቀጠሩት ጠራጊዎችም ቆሻሻውን ብቻ ለይተው አያወጡም፤ ሕመምተኛው በሕይወት የሚኖርበትን መድኃኒት ጭምር ሥራውን ሳይጨርስ ጠርገው ይጥሉታል። ሰውየው ክኒኑን በየቀኑ ይውጣል፤ በደሙ ውስጥ ግን መድኃኒቱ የለም ወይም አንሷል።

ይህ ግምት አይደለም። በ2000 (እ.ኤ.አ.) በወጣ ጥናት ስምንት ጤነኛ ፈቃደኞች ኢንዲናቪር የተባለውን የኤች አይ ቪ መድኃኒት ከዕፁ ጋር ሲወስዱ፣ የመድኃኒቱ መጠን በደማቸው ውስጥ በአማካይ ከመቶ 57 ቀነሰ። በዚያው ዓመት ከዙሪክ ከተማ የወጣ ሪፖርት ደግሞ የሌላ ሰው ልብ ተተክሎላቸው የነበሩ ሁለት ሰዎችን ታሪክ ያወሳል። ሁለቱም ለጭንቀታቸው ይህን ዕፅ መውሰድ ጀመሩ፤ አካላቸው አዲሱን ልብ እንዳይቃወም የሚከለክለው ሳይክሎስፖሪን በደማቸው ውስጥ አሽቆለቆለ፤ በሳምንታት ውስጥም ሰውነታቸው የተተከለውን ልብ መቃወም ጀመረ። ዕፁ ሲቋረጥ የመድኃኒቱ መጠን ተመለሰ። በዚሁ ዓመት የካቲት ወር የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ለሐኪሞች ሁሉ ማስጠንቀቂያ አወጣ።

ኢንዲናቪር ዛሬ በአገራችን የሚታደል መድኃኒት አይደለም፤ ሆኖም ዛሬ በስፋት የሚሰጠውን ዶሉተግራቪርንም ይኸው ዕፅ ያሳንሰዋል። ቆላ ወርደው ወባ የያዛቸው ሰዎች የሚወስዱት፣ በተለምዶ ኮአርተም የሚባለው መድኃኒት ከዚህ ዕፅ ጋር እንዳይወሰድ በአምራቹ መመሪያ ላይ ተጽፏል። ዋርፋሪን፣ ለልብ ድካም የሚሰጠው ዲጎክሲን፣ የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብሎችና በክንድ ሥር የሚቀበሩት ሳይቀሩ ኃይላቸው ይቀንሳል። የልብ ቫልቭ ለተቀየረለት ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልግም፤ ደሙ በቫልቩ ላይ ሊረጋ፣ የረጋውም ተነቅሎ ወደ አንጎል ሊሄድ ይችላል።

ሁለተኛው አደጋ የተገላቢጦሽ ነው። ሐኪም ለድባቴ ፍሉኦክሰቲን ወይም አሚትሪፕቲሊን ያዘዘለት ሰው፣ ወይም ለሕመም ማስታገሻ ትራማዶል የሚወስድ ሰው፣ ዕፁን ቢጨምርበት ሴሮቶኒን የተባለው በአንጎል ውስጥ የሚሠራ ንጥረ ነገር ከመጠን በላይ ሊበዛ ይችላል። መቅበጥበጥ፣ ላብ፣ መንቀጥቀጥ፣ የልብ ምት መፍጠን ይከተላል፤ ሲከፋም ይገድላል። ፍሉኦክሰቲን ካቆሙት በኋላ ለሳምንታት በሰውነት ውስጥ ስለሚቆይ «ያንን ትቼ ይህን ጀመርኩ» ማለትም አያድንም። እንዲሁም አንድ ጊዜ በድብርት፣ ሌላ ጊዜ ከልክ ባለፈ ደስታና እንቅልፍ ማጣት የሚጠቁ ሰዎች አሉ፤ እነዚህን ዕፁ ወደ ሁለተኛው ጫፍ ሊገፋቸው ይችላል።

«ከተፈጥሮ ነው»

«ከዕፅ የተሠራ ስለሆነ አይጎዳም» የሚለው አባባል በእኛ አገር ሥር ሊይዝ ባልተገባው ነበር። አያቶቻችን ኮሶ ይጠጡ ነበር፤ ኮሶ ግን መጠኑ ሲያልፍ ሰው እንደሚገድል ከእነርሱ ይበልጥ የሚያውቅ አልነበረም። አንዳንዶች መጽሐፈ ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ከምድር ስለሚወጣው መድኃኒት የሚናገረውን ጠቅሰው ይሟገታሉ። ያው ምዕራፍ የሚጀምረው ሐኪምን በማክበር መሆኑን ግን ይዘሉታል።

ጠርሙሶቹ ስለሚወጡበት አገር ሕግም ማወቅ ይጠቅማል። በአሜሪካ በ1994 (እ.ኤ.አ.) በወጣው ሕግ መሠረት እነዚህ ተጨማሪ ምግቦች እንደ ምግብ እንጂ እንደ መድኃኒት አይቆጠሩም፤ አምራቹ ከመሸጡ በፊት ፈዋሽነታቸውን ለመንግሥት ማስረዳት አይጠበቅበትም። በጠርሙሱ ጀርባ ምርቱ ማንኛውንም በሽታ ለማከም እንዳልታሰበ የሚገልጽ ጽሑፍ ብዙ ጊዜ ይገኛል፤ ፊደሉ ደቃቅ ስለሆነ መነጽር ይጠይቃል። ልጆቻችን ከፊት ያለውን አበባ አይተው ይልካሉ፤ ከኋላ ያለውን አያነቡም። ይህን የምለው እነርሱን ለመውቀስ አይደለም፤ በሩቅ አገር ሆኖ የእናትን ለቅሶ የሰማ ሰው ባዶ እጁን መቀመጥ እንደማይሆንለት እናውቃለን።

ሌሎቹስ?

የዓሣ ዘይትና ቫይታሚን ዲ በብዛት ይላካሉ። በአሜሪካ ዕድሜያቸው 50 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆኑ 18,353 ሰዎች ለአምስት ዓመት ያህል የተሳተፉበት ትልቅ ጥናት ውጤቱ በ2020 እና በ2021 (እ.ኤ.አ.) ወጥቶ ነበር። ሁለቱም ድባቴ እንዳይመጣ አልተከላከሉም። ትሪፕቶፋን የሚባለው ደግሞ የሚያስፈራ ታሪክ አለው፤ በ1989 (እ.ኤ.አ.) ከ1,500 በላይ የአሜሪካ ነዋሪዎች ይህን ከወሰዱ በኋላ በጡንቻና በደም ላይ በደረሰ ብርቱ ሕመም ተይዘው ከ30 በላይ ሞተዋል፤ አደጋው በአብዛኛው ከአንድ አምራች ምርት ጋር የተያያዘ ሆኖ ተገኝቷል።

ከእነዚህ ይልቅ ትኩረቴን የሳበው ምግብ ራሱ ነው። በአውስትራሊያ በ2017 (እ.ኤ.አ.) በታተመ ጥናት ድባቴ የነበረባቸው 67 ሰዎች ተከፍለው፣ ገሚሶቹ በምግብ ባለሙያ እየተረዱ አትክልት፣ ጥራጥሬ፣ ያልተፈተገ እህል፣ ዓሣና የወይራ ዘይት ማዘውተር ጀመሩ። ሌሎቹ ለተመሳሳይ ጊዜ ሰው እያጫወታቸው ቆዩ። ከ12 ሳምንት በኋላ ከመጀመሪያዎቹ ከመቶ 32፣ ከሁለተኛዎቹ ከመቶ 8 ከሕመሙ ወጥተው ተገኙ። ጥናቱ ትንሽ ስለሆነ ብዙ ሊጫንበት አይገባም። ቢሆንም ምስር፣ ሽሮና ጎመን በገበታችን ላይ ሳሉ ስለ ጠርሙስ መጨነቃችን ያስገርማል።

በአንጻሩ አንዳንድ ጊዜ ጉድለቱ እውነተኛ ይሆናል። ለረጅም ጊዜ ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ያልቀመሰ ሰው ቫይታሚን ቢ 12 ሊያንሰው፣ በዚህም ድካምና የስሜት መጨለም ሊመጣበት ይችላል። የደም ማነስ፣ በደጋው ክፍል ከአዮዲን እጥረት ጋር ተያይዞ የሚታየው የእንቅርት በሽታም እንዲሁ ድባቴን መስለው ይመጣሉ። እነዚህ በደም ምርመራ የሚታወቁ፣ ታውቀውም የሚታከሙ ናቸው። ያለ ምርመራ የሚወሰድ ክኒን ግን በሽታውን ሸፍኖ ጊዜ ያባክናል።

የመምህራን ድርሻ

ከሁሉ አስቀድሞ ጥያቄው ይቀየር። «መድኃኒት ትወስዳለህ ወይ?» ተብሎ የተጠየቀ ሰው ዕፅን በመድኃኒት ስለማይቆጥር «አልወስድም» ይላል፤ ሐኪሙም በዚሁ ይታለላል። «ከውጭ የመጣ፣ ከገበያ የተገዛ፣ የሚፈላ፣ የሚታሽ ነገር አለ ወይ?» ብሎ መጠየቅና ጠርሙሱን ራሱን ይዞ ወደ ጤና ጣቢያ እንዲሄድ ማድረግ ይሻላል። በጠበል የሚረዱትንም በዚሁ መንገድ ማነጋገር ይቻላል፤ ጸሎት ከክኒን ጋር የሚጋጭበት ምክንያት የለም፤ ክኒን ማስጣል ግን ሰው ይጎዳል።

ቀጥሎ ያዳምጡ። በዚምባብዌ ዲክሰን ቺባንዳ የተባለ የአእምሮ ሐኪም በ2006 (እ.ኤ.አ.) አረጋውያት እናቶችን አሠልጥኖ፣ በጤና ጣቢያ ግቢ በተተከለ የእንጨት አግዳሚ ላይ ከተጨነቁ ሰዎች ጋር እንዲቀመጡ አደረገ። በ2016 (እ.ኤ.አ.) በታተመውና 573 ሰዎች በተሳተፉበት ጥናት፣ በአግዳሚው ላይ የተረዱት ከስድስት ወር በኋላ የተለመደውን እርዳታ ካገኙት ይልቅ ሕመማቸው በእጅጉ ቀሎ ተገኝቷል። እነዚያ እናቶች ሐኪሞች አልነበሩም፤ ችግርን በየተራ አንሥቶ በአንዱ ላይ መምከርን የተማሩ ጎረቤቶች ነበሩ። የእኛ መምህራን ከዚህ ብዙ የሚርቁ አይመስለኝም።

ሕመምተኛው ስለ ሞት ቢያነሣ፣ ወይም እንደሚያስብ ቢጠረጠር፣ በግልጽ ይጠየቅ። መጠየቅ ሐሳቡን እንደማይተክልበት በጥናት ተረጋግጧል። በዚያች ሰዓት ተግሣጽ ቦታ የለውም። ብቻውን አይተው፤ የተባይ ማጥፊያውና የቤቱ ክኒን ሁሉ ከአጠገቡ ይራቅ፤ በዚያኑ ቀን ወደ ሕክምና ይወሰድ። ሐኪም የሚያዝዘው የድባቴ መድኃኒት ለውጡ እስኪታይ ሁለት፣ ሦስት፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ሳምንታት ስለሚወስድ፣ «አልሠራልኝም» ብሎ በሳምንቱ የሚጥለውን ሰው ማበርታትም የጎረቤት ሥራ ነው።

ዕፁን ቀድሞ የጀመረ ሰውም በድንገት ጥሎት ዝም እንዳይል እለምናለሁ። ጉበት የቀጠራቸው ጠራጊዎች ለመበተን ሁለት ሳምንት ያህል ይፈልጋሉ። በእነዚያ ቀናት፣ ተሰባብሮ ያልቅ የነበረው መድኃኒት በደም ውስጥ ይጨምራል፤ ዋርፋሪን ከሆነ ደግሞ የመድማት አደጋ ይመጣል።

ከላይ ያነሣኋቸው እናት ያጋጠማቸው ይኸው ነበር። ጠርሙሱን ከመጀመራቸው አሥራ ስምንት ቀን ሆኗቸው ነበር። በማግሥቱ ከእኅት ጋር ወደ ክትትል ክፍል ሄዱ፤ ደማቸው ሲመረመር ዋርፋሪኑ ከሚፈለገው በታች ሆኖ ተገኘ። ሐኪሙ ዕፁን አስቁሞ ለአንድ ወር በየሳምንቱ ደማቸውን አስለካ፤ ስለ እንቅልፋቸውና ስለ ኀዘናቸውም ለመጀመሪያ ጊዜ ጠየቃቸው። ልጃቸውን በስልክ ያነጋገርኳት እኔ ነኝ። አለቀሰች፤ ከዚያም በጠርሙሱ ፋንታ ምን ልላክ አለችኝ። በየሁለት ቀኑ ማታ ማታ እንድትደውልላቸው ነገርኋት።